የጎልፍ ስዊንግን ከመጨረሻው ጀምሮ መማር፦ በአንድ ሰባት ቁጥር ዱላ፣ በካልሲ ኳስና በባዶ ሃይላንድ

ኮምቦልቻ ላይ ጎልፍ የምንለማመድ ጥቂት ነን። በቅርባችን የጎልፍ ሜዳ የለም። ያለን በጋራ የምንጠቀምበት አንድ ሰባት ቁጥር አይረን (ራሱ ብረት የሆነ ዱላ)፣ ጥቂት ኳሶችና ስልካችን ላይ የተጠራቀመ ብዙ ቪዲዮ ነው።

አዲስ ሰው ይመጣል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይተወዋል። ሰንፎ አይደለም። አንዱ ቪዲዮ የግራ ክርንህን አትጠፍ ይለዋል፣ ሌላው ዋናው ዳሌ ነው ይለዋል፣ ሦስተኛው ስለ አንጓ ማዕዘን ሃያ ደቂቃ ያስረዳዋል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሷ ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ ሩብ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ስለ ክርንም፣ ስለ ዳሌም፣ ስለ አንጓም ማሰብ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ እዚህ የስዊንጉን፣ ማለትም ዱላውን አንስቶ የመምታቱን፣ ትምህርት ገልብጠን ከኳሷ እንጀምራለን።

መመሪያው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው የተጻፈው። ግራኝ ከሆናችሁ ግራና ቀኙን ቀያይሩት።

መጀመሪያ፦ ኳሷ የምታውቀው አራት ነገር ነው

ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለሺኛ ሰከንድ ግማሽ ገደማ ነው። ኳሷ እጃችሁ ምን እንደሚመስል አታውቅም፣ ዳሌያችሁም አይታያትም። የሚደርሳት ይሄ ብቻ ነው፦

- የዱላው ፊት፣ ማለትም ኳሷን የሚነካው ገጽ፣ ወዴት ዞሯል?
- ዱላው ራሱ ወዴት እየሄደ ነው?
- ዱላው የሚሄድበት ቅስት ዝቅተኛ ቦታ፣ ማለትም ዱላው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ነጥብ፣ የት ነው?
- የተመታችው በፊቱ መሀል ነው ወይስ በዳር?

ፍጥነትም አለ፣ ግን እሱ መጨረሻ ላይ ይምጣ። አራቱ ሳይስተካከሉ ፍጥነት ብትጨምሩ ስህተቱን ነው የምታርቁት።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ያዙ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። በአይረን ከአራት ሦስት እጁን ገደማ፣ በድራይቨር፣ በረጅሙ ዱላ፣ ደግሞ ከዚያም በላይ። በአየር ላይ የምትታጠፈው ፊቱና መንገዱ ስላልተስማሙ ነው። መሀል ለመሀል ከተመታች፣ ፊቱ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ካየ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ወደ ግራ ካየ ወደ ግራ። ድሮ ግን በተቃራኒው ይነገር ነበር፤ ኳስ በመንገዱ ትነሳና ፊቱ ወዳየበት ትመለሳለች ይባል ነበር። የኳስ በረራ የሚለኩ ራዳሮች ከመጡ በኋላ ነው ነገሩ የጠራው። አሮጌውን አባባል የሚደግሙ ቪዲዮዎች ዛሬም ስላሉ ተጠንቀቁ።

ዝግጅት

ሰብስቡ፦ ሰባት ቁጥር አይረን፣ ሁለት ሜትር ሲባጎና ሁለት ሚስማር፣ ሁለት ባዶ ሃይላንድ፣ ጠመኔ፣ ትንሽ አመድ ወይም ኖራ፣ ትንሽ ባልዲ፣ ስሎው ሞሽን የሚቀርጽ ስልክ።

የካልሲ ኳስ ሥሩ። አንዱን አሮጌ ካልሲ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ሌላው ውስጥ ክተቱ፣ በክር ስፉት። ከሎሚ እንዳትተልቅ። አምስት ስድስት ያህል ይኑራችሁ። የማወራው ልጅ ሆነው በካልሲ ኳስ እግር ኳስ ላልተጫወቱ ሰዎች አይደለም፣ ስለዚህ አሠራሩን አላረዝመውም።

ማስጠንቀቂያ። ሰባቱን ደረጃ ሳትጨርሱ እውነተኛ ኳስ አትምቱ። የጎልፍ ኳስ ክብደት 46 ግራም አይሞላም፣ ግን ደረቅ ነው፤ በሰባት ቁጥር በደንብ ከተመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። እኔ በጀመርኩ ሰሞን ሰፈር ውስጥ፣ ባዶ ነው ብዬ ባሰብኩት ቦታ መታሁ። ኳሷ ወደ ቀኝ ታጥፋ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈች። ከቆርቆሮው ሥር ውሃ የምትቀዳ ልጅ ነበረች። ምንም አልሆነችም፣ ግን ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እትዬም ወጥተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው ይገድላል» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ግድግዳ ላይም አትምቱ፤ ነጥራ ትመለሳለች። ዱላውን ስታወዛውዙ ማንም ሰው በአራት ሜትር ውስጥ አይቁም፣ ከኋላም ቢሆን። ልጆች ሊያዩ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ጀምሩ።

ቦታው ሜዳማ ይሁን። ደሴ ያላችሁ ወንድሞች ዳገቱ ላይ ትቸገራላችሁ፤ የቆማችሁበት መሬት ካዘነበለ ሦስተኛው ደረጃ ውሸት ይነግራችኋል። ሦስት በሦስት ሜትር ደልዳላ ግቢ ለካልሲ ኳስ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ አያያዝ

ጀሪካን ስታነሱ እጀታው የት ያርፋል? መዳፍ ላይ አይደለም፣ ጣቶች ላይ ነው። ዱላውም እንደዚያው።

1. ግራ እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ወደ ታች ልቀቁ። ዱላውን በጣቶቹ ሥር አኑሩና ዝጉ።
2. ወደ ታች እዩ። የግራ እጃችሁ ሁለት ጉልበት፣ ማለትም ሁለት የጣት መገጣጠሚያ፣ ሊታያችሁ ይገባል። ሦስት ቢሆንም ችግር የለም።
3. ቀኝ እጃችሁን ከሥሩ አድርጉ፤ መዳፉ የግራውን አውራ ጣት ይሸፍን። ትንሿን ጣት ከግራው ሌባ ጣት ጋር ብታቆላልፉም፣ ላዩ ላይ ብታሳርፉም፣ ዝም ብላችሁ ጎን ለጎን ብታደርጉም ይሄዳል። የሚመቻችሁን ያዙና ከዚያ አትቀያይሩ።
4. በአውራና በሌባ ጣታችሁ መካከል ያለው መስመር በሁለቱም እጅ ወደ ቀኝ ትከሻችሁ ይጠቁም።

ጥብቀቱ? ቡና የምትቀዳ ሴት ጀበናውን እንደያዘችው። አይወድቅባትም፣ አንጓዋ ግን ልል ነው፤ ቢደርቅ ቡናው ከሲኒው ውጭ ይፈስ ነበር።

*ሲበላሽ፦* አንድ ጉልበት ብቻ ከታያችሁ ፊቱ ተከፍቶ ይመጣል፣ ኳሷም ወደ ቀኝ ትሄዳለች። አራት ከታያችሁ ወደ ግራ። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ቀኝ የምትሄድባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስዊንጋቸው አይደለም ችግሩ፣ እዚሁ አያያዛቸው ላይ ነው። ይህን ሳታስተካክሉ ወደፊት ብትሄዱ ቀሪውን ሁሉ ለማካካስ ትለፋላችሁ።

ደረጃ 2፦ አቋቋም

ሲባጎውን በሁለቱ ሚስማር መሬት ላይ ወጥሩ። አንድ ጫፉ ወደ ዒላማችሁ ያይ። እግራችሁ፣ ዳሌያችሁና ትከሻችሁ ከሲባጎው ጋር ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ዒላማው በግራችሁ ነው። እግሮቻችሁን በትከሻ ስፋት ክፈቱ። ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ መገጣጠሚያ አጎንብሱ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ ፍቱት፣ እጃችሁ ከትከሻ ቀጥ ብሎ ይንጠልጠል። ኳሷ በሁለቱ እግሮች መሀል ትሁን።

ስታጎነብሱ ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ወይም ጣት ላይ ከሆነ ሚዛን ትስታላችሁ። የጫማችሁ ክር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ይሰማችሁ። ይሄን ያህል ይበቃል።

ደረጃ 3፦ የቅስቱን ግርጌ ማግኘት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ይሄ ነው። ኳስ አያስፈልግም።

1. ሲባጎውን አንሱ። መሬቱ ላይ በአመድ ወይም በኖራ መስመር አስምሩ፣ ከደረታችሁ ወደፊት የሚሄድ። መስመሩ በሁለቱ እግሮቻችሁ መሀል ይሁን።
2. ከመጀመራችሁ በፊት ጠጠሩን ልቀሙ። መሬቱ ድርቅ ያለ ከሆነ ማታውኑ ውሃ ርጩበት። ሲሚንቶ ላይ ፈጽሞ አትሞክሩ፣ አንጓችሁን ትጎዳላችሁ።
3. ክብደታችሁን ከግማሽ በላይ ግራ እግር ላይ አድርጉ።
4. እጃችሁን እስከ ወገብ ብቻ አንሱና ወደ ግራ ወገባችሁ አሳልፉት። ዱላው መሬቱን ይጥረግ እንጂ አይቆፍር።
5. አቧራው የተነሳበትን እዩ።

ጭረቱ መስመሩ ላይ ጀምሮ ወደ ዒላማው አንድ ጋት ያህል መቀጠል አለበት። ከመስመሩ በስተቀኝ ከጀመረ ኳስ ቢኖር ኖሮ መሬቱን ነበር ቀድማችሁ የምትመቱት።

ለምን ከመስመሩ በኋላ? ምክንያቱም አይረን ኳሷን እየወረደ ሳለ ነው የሚመታው፣ ወደ ግርጌው የሚደርሰው ከኳሷ አለፍ ብሎ ነው። ጀማሪ ይሄን አያምንም። ኳስ ወደ ላይ እንድትሄድ ከሥሯ ገብቼ ላንሳት ይላል፤ ክብደቱ ቀኝ እግር ላይ ይቀራል፣ ግርጌውም ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰባት ቁጥሩን ገልብጣችሁ ፊቱን እዩት፦ 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። የማንሳቱ ሥራ ተሠርቶ ነው የተሸጠላችሁ። የእናንተ ድርሻ ወደ ታችና ወደፊት መምታት ነው።

*ጭረቱ ወደ ኋላ ካመለጠ፦* የቀኝ እግራችሁን ተረከዝ ከመሬት አንሱና በጣቶቹ ብቻ እንደቆማችሁ ድገሙት። ክብደቱ ግዱን ወደ ግራ ይሄዳል። ሃያ ጊዜ እንደዚያ፣ ከዚያ በሁለት እግር።

*ጭረቱ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ከሆነ፦* ጭንቅላታችሁና ደረታችሁ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተቱ ነው። ሁለቱን እግሮች ገጥማችሁ ሞክሩ። ከተንሸራተታችሁ ትንገዳገዳላችሁ፣ ሰውነታችሁ ራሱ ይማራል።

*ምንም ጭረት ከሌለ፦* ወደ ላይ እየተነሳችሁ ወይም እጃችሁን እየሰበሰባችሁ ነው። እስክትጨርሱ ደረታችሁ ወደ መሬት ይይ።

ከአሥር ሰባቱ ትክክል እስኪሆን ወደ አራት አትለፉ። አንድ ጓደኛችን፣ አስተማሪ ነው፣ ዘጠኝ ቀን እዚህ ላይ ቆየ፤ በአሥረኛው ቀን «ወላሂ ዛሬ ተያዘኝ» አለ። ዛሬ ከሁላችንም በላይ ንጹሕ የሚመታው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ የዱላው ፊት

የካልሲ ኳሷን አሁን አምጧት። ሲባጎውን መልሱት፣ ኳሷን አጠገቡ አስቀምጡ። የካልሲ ኳስ በአየር ላይ አትታጠፍም። የተነሳችበትን አቅጣጫ ግን በደንብ ታሳያለች፣ እሱም የፊቱ ምስክር ነው።

1. እጃችሁን እስከ ወገብ አንስታችሁ ቁሙ። ዱላው ከመሬት ጋር አግድም ሲሆን የብረቱ ጫፍ፣ ማለትም ከዘንጉ የራቀው ዳሩ፣ ወደ ሰማይ፣ ወይም ትንሽ ወደ ኳሷ ያዘነበለ ይሁን። ፊቱ ሰማይን ካየ ተከፍቷል፣ መሬትን ካየ ተዘግቷል።
2. ምቱና በግራ በኩል ወገብ ላይ ቁሙ። ጫፉ እንደገና ወደ ሰማይ ይሁን።
3. ኳሷ ከሲባጎው አንጻር ወዴት ሄደች?

ወደ ቀኝ ከሄደች ወደ ደረጃ አንድ ተመለሱ፣ የጣት ጉልበቶቻችሁን ቁጠሩ። አያያዛችሁ ልክ ሆኖ አሁንም ቀኝ ከሆነች፣ በግራ በኩል ስትቆሙ ጫፉ ሰማይ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ክንዳችሁን አድርቃችሁ ዱላው እንዳይዞር ከልክላችኋል። ልል አድርጉት። ነክቼ ሳለ በእጄ አስተካክለዋለሁ ብላችሁ አታስቡ፣ በሺኛ ሰከንድ ግማሽ የሚስተካከል ነገር የለም።

የፊቱን መሀል ለማየት ኳሷን ጠመኔ ቀቧት። ከተመታች በኋላ ምልክቱ ፊቱ ላይ ይቀራል። ወደ አንገቱ፣ ብረቱ ከዘንጉ ጋር ወደሚገናኝበት፣ ከተጠጋ ግማሽ ጋት ወደ ኋላ ቁሙ፤ ወደ ጫፉ ከሄደ ቅረቡ። ምልክቱ ወዲያና ወዲህ የሚበታተን ከሆነ ግን የርቀት ጉዳይ አይደለም፣ ስትመቱ ክብደታችሁ ወደ ጣታችሁ እየሄደ ነው።

ደረጃ 5፦ መንገዱ

አብዛኛው ሰው እንጨት እንደሚፈልጥ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያወርደው። ትከሻው ቀድሞ ይዞራል፣ ዱላው ከሲባጎው ውጭ ወርዶ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ያቺ ሰው ሁሉ የሚያማርርባት፣ ወደ ቀኝ እየታጠፈች የምትጠፋ ስላይስ የምትወለደው እዚህ ነው።

1. ከኳሷ ሁለት ስንዝር ወደ ቀኝ ሂዱ። ከዚያ ከሲባጎው አንድ ጋት ወደ ውጭ፣ ከእግራችሁ በራቀው በኩል፣ ባዶውን ሃይላንድ አቁሙ።
2. ሃይላንዱን ሳትነኩ ኳሷን ምቱ። ለመጀመር በግማሽ ፍጥነት።
3. ከነካችሁት ቆም በሉ። ዱላውን ወደ ላይ አንሱ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ መጀመሪያ ግራ እግራችሁን ተጫኑ፣ ከዚያ እጃችሁ ይውረድ።

ስላይስ ያለበት ሰው የሚያደርገው ስህተት አለ፤ ኳሷ ቀኝ ስለምትሄድበት ግራ ያልማል። ግራ ሲያልም መንገዱ ይበልጥ ወደ ግራ ይቆርጣል፣ ከፊቱ ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ኳሷ ደግሞ ይበልጥ ትታጠፋለች። ግራ አታልሙ።

ሃይላንዱን ፈርታችሁ ዱላውን ከሰውነታችሁ ጀርባ የምትጎትቱ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛውን ሃይላንድ በውስጥ በኩል፣ በእግራችሁ ወገን አቁሙ። በሁለቱ መሀል እለፉ።

ደረጃ 6፦ ሰውነት

አሁን ነው ዳሌና ትከሻ የሚመጣው። ዱላውን አስቀምጡ።

ባልዲውን በግማሽ ውሃ ሙሉ። በሁለት እጅ ያዙ፣ እንደ አቋቋማችሁ ቁሙ፣ ወደ ቀኝ ዙሩና ውሃውን ወደ ግራ፣ ወደ ዒላማው ድፉት። ሦስት ጊዜ አድርጉት። ምን ቀደመ? ግራ እግር ተጫነ፣ ዳሌ ዞረ፣ ደረት ተከተለ፣ እጅ ዘገየ፣ ውሃው መጨረሻ ወጣ። በክንድ ብቻ ለመድፋት ሞክሩ፤ ውሃው እግራችሁ ላይ ይፈስሳል። ቪዲዮዎቹ በረጅም ስም የሚጠሩት ቅደም ተከተል ይሄው ነው።

ዱላውን አንሱና ያንኑ ድገሙ። ወደ ላይ ስትሄዱ ጀርባችሁ ወደ ዒላማው እስኪያይ ዙሩ፤ ወገባችሁ የማይፈቅድ ከሆነ የግራ ተረከዛችሁ ይነሳ፣ ነውር የለውም። ስትጨርሱ ሆዳችሁ ዒላማውን ይይ፣ የቀኝ ጫማችሁ ሶል ከኋላ ይታይ። እዚያው ላይ ሦስት እስክትቆጥሩ ቁሙ። መቆም ካልቻላችሁ ከአቅማችሁ በላይ ነው የመታችሁት።

ወገብ ወይም አንጓ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ የዕለቱ ልምምድ እዚያ ይብቃ።

ደረጃ 7፦ ምቱ

የጎበዝ ተጫዋቾች ስዊንግ ሲለካ፣ ወደ ላይ የሚወስደው ጊዜ ወደ ታች ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፊደል በቆጠርንበት ዜማ ያዙት፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያላችሁ ወደ ላይ፣ ሃ ሲባል ኳሷ ላይ። ጮክ ብላችሁ በሉት። ጓደኛችሁ ከጎን ሆኖ ቢልላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ላይ ስትደርሱ የሚመጣው መንጠቅ ነው ብዙውን የሚያበላሽ። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሹፌር ኩርባ ላይ መሪውን በአንዴ አይጠመዝዝም፤ ሰብሰብ አድርጎ ይገባና ከወጣ በኋላ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። «ሂ» እና «ሃ» መካከል ያለችው ያቺ ኩርባ ናት። ፍጥነታችሁ ከኩርባው በኋላ ይምጣ።

እውነተኛ ኳስ ስትመቱ

ከከተማ ወጣ ያለ፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁ፣ ፊት ለፊቱ ቢያንስ 200 ሜትር ባዶ የሆነ ቦታ ፈልጉ። ጠዋት ሂዱ፣ ከብት ሳይሰማራ። አንድ ሰው ዘብ ይቁም፤ ሰው ወይም ከብት ከታየ ይጩህ፣ እናንተም ዱላውን አውርዱ። በግማሽ ስዊንግ አሥር ኳስ፣ ከዚያ ሙሉ።

ስልኩን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፦ አንዴ ፊት ለፊታችሁ፣ አንዴ ከቀኝ በኩል በሲባጎው አቅጣጫ በእጃችሁ ከፍታ። ቪዲዮውን ከማየታችሁ በፊት ግን ኳሷን ጠይቁ፦

ግራ ተነስታ ወደ ቀኝ ከታጠፈች፣ መንገዱ ከፊቱ ይበልጥ ወደ ግራ ነበር፤ ደረጃ 5 እና ሃይላንዱ። ቀኝ ተነስታ ወደ ግራ ከታጠፈች፣ ዳሌያችሁ ቆሞ እጃችሁ ብቻውን አልፏል፤ ባልዲው። ቀኝ ተነስታ ቀኝ ከቀጠለች፣ ፊቱ ነው፤ አያያዝ። መሬት ቀድሞ ከተመታ ወይም አናቷ ከተመታ፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አንድ በሽታ ናቸው፣ ግርጌው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ አመዱን አምጡ። ከአንገቱ ወጥታ በአግድም ወደ ቀኝ ከተፈናጠረች፣ ወዲያው አቁሙ፣ ጎናችሁ የቆመ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙና በጠመኔ አሥር የካልሲ ኳስ ምቱ።

በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ አስተካክሉ፣ ሌላውን ለነገ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ እዚህ ከቆላው ትርቃለች፣ መታጠፏም ይቀንሳል። አንድ ቀን ዝቅ ያለ አገር ሄዳችሁ ብትጫወቱ እዚህ ትንሽ የነበረችው መታጠፍ እዚያ ትሰፋለች፤ ያኔ ስዊንጌ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትነካኩት።